የሥራ ቦታ ለውጥን ቀድሞ ማየት፦ የክፍል ኃላፊዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች

ይህ ገጽ የተዘጋጀው በባንኮች፣ በፋብሪካዎች፣ በንግድ ድርጅቶችና በመሳሰሉት ተቋማት ከበላይ አመራሩና ከሠራተኛው መካከል ሆነው ለሚሠሩ የክፍልና የቅርንጫፍ ኃላፊዎች ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞች የሚተዳደሩት በሌላ አዋጅ ስለሆነ፣ ስለ ቅነሳና ስለ ስንብት የተጻፈው ክፍል እነርሱን አይመለከትም።

ለውጥን አስቀድሞ ማየት በእርግጥ ይቻላል? ወይስ ነገሩ ከሆነ በኋላ የሚነገር ወሬ ነው?

ይቻላል። በቅርብ ዓመታት የኢትዮጵያን የሥራ ቦታዎች በብርቱ የነኩት ለውጦች አብዛኞቹ ሳይነገሩ የመጡ አልነበሩም። መንግሥት የኢትዮ ቴሌኮምን ድርሻ በከፊል ለባለሀብቶች ለማስተላለፍ መወሰኑ ይፋ የሆነው በግንቦት 2010 ነው። በሳፋሪኮም ለሚመራው ጥምረት ፈቃድ የተሰጠው ከሦስት ዓመት በኋላ በግንቦት 2013 ሲሆን፣ ኩባንያው በአዲስ አበባ አገልግሎቱን ያስጀመረው በመስከረም 2015 ነው። ይህም ማለት የመጀመሪያው ወሬ ከተሰማበት ዕለት አንሥቶ ተወዳዳሪው በዋና ከተማዋ ሲም ካርድ መሸጥ እስከጀመረበት ጊዜ ድረስ ከአራት ዓመት በላይ አልፏል።

በባንክ ዘርፍ የተሰጠው ጊዜ ከዚህም የሰፋ ነው። ብሔራዊ ባንክ የባንኮችን ዝቅተኛ የተከፈለ ካፒታል ከ500 ሚሊዮን ወደ 5 ቢሊዮን ብር ያሳደገበትን መመሪያ ያወጣው በ2013 ዓ.ም. ሲሆን፣ ነባር ባንኮች እስከ ሰኔ 2018 እንዲያሟሉ የአምስት ዓመት ጊዜ ሰጥቷቸዋል። የውጭ ባንኮች እንዲገቡ የሚፈቅደው ፖሊሲ በሚኒስትሮች ምክር ቤት የጸደቀው በነሐሴ 2014 ነው፤ አዋጁ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የጸደቀው ደግሞ በታኅሣሥ 2017 ነው። መመሪያው በወጣበት ዓመት «የእኛ ባንክ ይህን ካፒታል በራሱ ይሞላል ወይስ ከሌላ ጋር ይዋሃዳል? ከተዋሃደስ በአንድ ሰፈር ውስጥ የሁለቱም ቅርንጫፎች ይቀጥላሉ?» ብሎ የጠየቀ የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ፣ መልሱን ባያገኝ እንኳ ሠራተኞቹን በሌላ ሙያ ለማሠልጠን የሚበቃ ጊዜ ነበረው።

የሚሰጠው ጊዜ አጭር የሚሆንበትም አለ። ኢትዮጵያ ከአጎዋ (የአፍሪካ አገሮች ምርቶች ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ እንዲገቡ ከሚፈቅደው የአሜሪካ ሕግ) የንግድ ዕድል ትታገዳለች የሚለው ውሳኔ የተነገረው በጥቅምት 2014 ሲሆን፣ ሥራ ላይ የዋለው በዚያው ዓመት በታኅሣሥ 23 ነው። ይሁን እንጂ የአሜሪካ የንግድ ተወካይ ቢሮ ስጋቱን በይፋ ያነሣው ከዚያ በፊት በነሐሴ 2013 ነበር። በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የአንድ ስፌት መስመር ኃላፊ የነበረ ሰው ውሳኔውን ሊያስቀረው አይችልም፤ ነገር ግን ከነሐሴ ጀምሮ በነበሩት አራት ወራት የትኛው መስመር በአሜሪካ ገዢ ትእዛዝ ላይ ብቻ እንደተንጠለጠለና የትኞቹ ሠራተኞች ወደ ሌላ ትእዛዝ ሊዛወሩ እንደሚችሉ ለይቶ ለአለቆቹ ማቅረብ ይችል ነበር።

ትክክለኛውን ቀን ማወቅ አይቻልም። ብር በገበያ ዋጋ እንዲወሰን የተደረገበትን ሐምሌ 22 ቀን 2016ን አስቀድሞ የሚያውቅ የክፍል ኃላፊ አልነበረም። በባንክና በጥቁር ገበያ መካከል የነበረው ሰፊ የምንዛሪ ልዩነትና ከዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት ጋር ይካሄድ የነበረው ድርድር ግን ለዓመታት የሚታወቅ ጉዳይ ነበር። ከኃላፊ የሚጠበቀው ነገሩ ወደየት እንደሚያመራ ማወቅ እንጂ ቀኑን መተንበይ አይደለም።

ምልክቶቹን የት ልፈልጋቸው?

ከውጭ የሚመጡት በሦስት ቦታ ይገኛሉ፦ በነጋሪት ጋዜጣና በረቂቅ አዋጆች፣ በተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤቶች መመሪያዎች፣ እንዲሁም በትልልቅ ደንበኞችና አቅራቢዎች ባሕርይ። ብዙ ኃላፊዎች ረቂቅ ሕግ የሕግ ክፍሉ ሥራ ነው ብለው ያልፉታል፤ ይህ ጎጂ ልማድ ነው። የሕግ ባለሙያው የሚያየው ድርጅቱ ምን እንደሚገደድ ሲሆን፣ በረቂቁ ምክንያት የትኛው ጠረጴዛ ሥራ እንደሚያጣ ወይም እንደሚበዛበት የሚያየው ሥራውን በየቀኑ የሚመራው ሰው ነው። ለነዳጅ በዲጂታል መንገድ ብቻ እንዲከፈል በ2015 ሲደነገግ፣ በማደያዎች ጥሬ ገንዘብ የሚቀበለው ሰው ሥራ እንደሚለወጥ ለማወቅ የሕግ ዕውቀት አያስፈልግም ነበር።

የውስጥ ምልክቶች ደግሞ ይበልጥ ቅርብ ናቸው፤ ነገር ግን እያንዳንዳቸው ትንሽ ስለሚመስሉ ይታለፋሉ። የለቀቀ ሠራተኛ ቦታ ለወራት ሳይተካ ሲቀር፣ ለአንድ ዓመት ይታደስ የነበረ የኪራይ ወይም የአገልግሎት ውል ለሦስት ወር ብቻ ሲታደስ፣ ከዋናው መሥሪያ ቤት ቀድሞ ያልተለመደ መረጃ ሲጠየቅ (ለምሳሌ እያንዳንዱ ሠራተኛ በቀን ስንት ጉዳይ እንደሚያስተናግድ)፣ የውጭ አማካሪዎች «ለጥናት» ብለው ሲመላለሱ፣ ወይም የሥራ መዘርዝር እንደገና እንዲጻፍ ሲታዘዝ፣ ከእነዚህ አንዱ ብቻውን ምንም ላይሆን ይችላል። በአንድ ሩብ ዓመት ውስጥ ሦስቱ ከተገጣጠሙ ግን መዋቅሩ እየተጠና ነው ብሎ ማሰብ ተገቢ ነው።

የገመትኩት ለውጥ ባይመጣስ? ጊዜ ማባከን አይሆንም?

ዝግጅቱ ለውጡ ባይመጣም የሚጠቅም ከሆነ ባከነ አይባልም። አንድ ሥራ የሚያውቁ ሠራተኞችን ከአንድ ወደ ሁለት ማሳደግ፣ የሥራ ቅደም ተከተልን በጽሑፍ ማስፈር፣ የይለፍ ቃሎችና የደንበኛ ሰነዶች በአንድ ግለሰብ እጅ ብቻ እንዳይቀሩ ማድረግ በማንኛውም ጊዜ ዋጋ አላቸው። ግምቱ ባይሠምር ኪሳራ የሚያስከትሉትን እርምጃዎች፣ ማለትም ዕቃ መግዛትን፣ ሰው ማሰናበትንና ውል ማቋረጥን፣ ማረጋገጫ እስኪገኝ ማቆየት ይገባል።

ያልተረጋገጠ ነገር ለሠራተኞቼ ልንገራቸው?

ከሁሉም በላይ ተደጋግሞ የሚነሣው ጥያቄ ይህ ነው፤ በጥንቃቄ ሊመለስም ይገባዋል። ኃላፊዎች ዝም የሚሉት ብዙውን ጊዜ በክፋት ሳይሆን፣ «ሳይረጋገጥ ብናገርና ሳይሆን ቢቀር ቃሌ ይረክሳል፤ ጎበዞቹም ቀድመው ይለቁብኛል» በሚል ስጋት ነው። ስጋቱ መሠረት አለው። ነገር ግን ኃላፊው ዝም ባለበት ቢሮ ውስጥ ሠራተኛው ዝም አይልም። በሻይ ሰዓት፣ በሰርቪስ መኪና ውስጥና በቴሌግራም ቡድኖች የሚወራው ወሬ ባዶውን ቦታ ይሞላዋል፤ ወሬው ደግሞ ከእውነቱ የከፋ መሆኑ አይቀርም። ኃላፊው ሊያስቀራቸው የፈለጋቸው ጎበዝ ሠራተኞች ሌላ ቦታ መቀጠር የሚችሉት ስለሆኑ፣ በወሬው መጀመሪያ የሚሄዱት እነርሱ ናቸው።

መፍትሔው የሚታወቀውን፣ ገና ያልተወሰነውንና ሊነገር የማይፈቀደውን ለይቶ መናገር ነው። «የመዋቅር ጥናት እየተካሄደ መሆኑ እውነት ነው። ውጤቱ አልተወሰነም። የክፍላችን ቁጥር ይቀንሳል ወይም አይቀንስም ብዬ ዛሬ ልነግራችሁ አልችልም። በወሩ መጨረሻ ያለሁበትን እነግራችኋለሁ» የሚል ኃላፊ የገባው ቃል ሊጠብቀው የሚችለውን ብቻ ነው። በወሩ መጨረሻም አዲስ ነገር ባይኖር እንኳ ሠራተኞቹን ሰብስቦ «አዲስ ነገር የለም» ማለት ይኖርበታል፤ ይህን ቀጠሮ የሚዘልል ሰው የሚቀጥለውን ንግግሩን የሚያምን አያገኝም።

«ማንም አይነካም» የሚል ማረጋገጫ ግን ውሳኔው በእጅዎ ካልሆነ በምንም ምክንያት አይስጡ። በዚያ ቃል ተማምኖ የባንክ ብድር የወሰደ፣ ቤት የተከራየ ወይም ያገኘውን ሌላ ሥራ የተወ ሠራተኛ ሊኖር ይችላል፤ ጉዳቱም የሚያርፈው በእርሱና በቤተሰቡ ላይ ነው። በተጨማሪም በዕድሜ ከእርስዎ የሚበልጡና ለረጅም ዓመታት ያገለገሉ ሠራተኞች ዜናውን በስብሰባ መካከል ከሌሎች ጋር እንዲሰሙት ከማድረግ ይልቅ፣ አስቀድመው ለብቻቸው አነጋግረው ቢነግሯቸው አክብሮትዎን ያሳያሉ፤ ሌሎቹን በማረጋጋት ረገድም የሚያግዙዎት እነርሱ ይሆናሉ።

አዲስ ሲስተም ሊገባ ነው፤ ነባር ሠራተኞቼ ቢቸገሩስ?

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ምርታማነትን ለማሳደግ የአሠራር ዘዴ ሲለውጥ ወይም አዲስ ቴክኖሎጂ ሲያስገባ፣ ይህንን በማስጠንቀቂያ ውል ለማቋረጥ ከሚያበቁ ምክንያቶች አንዱ አድርጎ ይቆጥረዋል። አሠሪው ያዘጋጀውን ሥልጠና አልወስድም ያለ፣ ወይም ሠልጥኖም አስፈላጊውን ችሎታ ማግኘት ያልቻለ ሠራተኛ ውልም በዚሁ መንገድ ሊቋረጥ ይችላል። ስለዚህ ሥልጠናው ለይስሙላ የሚሰጥ የግማሽ ቀን ገለጻ ከሆነ፣ ኃላፊው ሠራተኛውን ሳያዘጋጅ ለስንብት ያጋልጠዋል ማለት ነው። ሲስተሙ ከመግባቱ በፊት በሙከራ መረጃ የሚለማመዱበት ጊዜ ይጠይቁላቸው፤ ከነባሮቹ መካከል አንድ ሰው ቀድሞ ሠልጥኖ ሌሎቹን በአማርኛና በራሳቸው የሥራ ምሳሌዎች እንዲያስተምር ያድርጉ። አምሳ ዓመት ያለፈው የሒሳብ ሠራተኛ የሚቸገረው በሒሳቡ ሳይሆን በገጹ አቀማመጥ ነው፤ ይህም በትዕግሥት የሚፈታ ነው።

ቅነሳ የሚመጣ ከሆነ አስቀድሜ ማወቅ ያለብኝ ምንድን ነው?

በመጀመሪያ፣ ማንኛውም ስንብት በሕግ «የሠራተኛ ቅነሳ» አይባልም። አዋጁ ቅነሳ የሚለው በተከታታይ ከአሥር ቀን ላላነሰ ጊዜ ቢያንስ ከጠቅላላው ሠራተኛ 10 በመቶ የሚሆነውን፣ የሠራተኞቹ ቁጥር ከ20 እስከ 50 በሆነበት ድርጅት ደግሞ ቢያንስ አምስት ሠራተኞችን የሚነካውን ነው። አሠሪው ከሠራተኛ ማኅበሩ ወይም ከሠራተኞች ተወካዮች ጋር መመካከር ይኖርበታል፤ ችሎታና የተሻለ ምርታማነት ያላቸው በሥራ ላይ እንዲቆዩ ቅድሚያ ይሰጣቸዋል። ችሎታና ምርታማነት እኩል ሲሆን አጭር አገልግሎት ያላቸውና ጥቂት ጥገኞች ያሏቸው ቀድመው ይነካሉ፤ በሥራ ላይ ጉዳት የአካል ጉዳተኛ የሆኑ፣ የሠራተኛ ተወካዮችና ነፍሰ ጡሮች ከሌሎቹ በኋላ የሚመጡ ናቸው።

ከዚህ የሚመነጨው ተግባራዊ ነገር ግልጽ ነው። ምርታማነት የመጀመሪያው መለኪያ ከሆነ፣ የሥራ አፈጻጸም ምዘናዎ ለዓመታት ለሁሉም ሰው ተመሳሳይ ከፍተኛ ነጥብ የሚሰጥ ሆኖ ከቆየ፣ የቅነሳው ቀን ሲደርስ በእጅዎ ማስረጃ አይኖርም። በይሉኝታ የተሞላ ምዘና ትጉ የሆነውን አዲስ ሠራተኛ ይጎዳዋል። ምዘናውን በሐቅ መሙላት መጀመር ያለብዎት ቅነሳ ከመታሰቡ በፊት ነው፤ ወሬው ከተሰማ በኋላ በድንገት የሚወርድ ነጥብ ሠራተኛው ዘንድም ሆነ ፍርድ ቤት ቢቀርብ እንደ ማጥቂያ መታየቱ አይቀርም።

በቅነሳ ምክንያት የሚሰናበትና የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል። የስንብት ክፍያ ለሚገባው ሠራተኛ ክፍያው ለመጀመሪያው ዓመት የመጨረሻው ሳምንት አማካይ የቀን ደመወዝ በ30 ተባዝቶ ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ ይታከልበታል፤ ድምሩ ግን ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። በቅነሳ ለሚወጣ ሠራተኛ በዚህ ላይ የ60 ቀን ደመወዝ ይጨመርለታል። የቀን ደመወዙ 400 ብር የሆነና አሥር ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ ለመጀመሪያው ዓመት 12,000፣ ለዘጠኙ ዓመታት 36,000፣ በተጨማሪም 24,000፣ በድምሩ 72,000 ብር ያገኛል ማለት ነው። ይህን ስሌት በራስዎ መሥራት መቻል ይጠቅማል፤ ሠራተኛው መጀመሪያ የሚጠይቀው እርስዎን ነውና።

ድርጅቱ ቢሸጥ ወይም ከሌላ ጋር ቢዋሃድ የሠራተኞቹ ውል ይቋረጣል?

አይቋረጥም። የድርጅት መቀላቀል፣ መከፋፈል ወይም ወደ ሌላ ባለቤት መተላለፍ በራሱ የሥራ ውልን እንደማይለውጥ አዋጁ ይደነግጋል። የዓመት ፈቃዳቸውና የአገልግሎት ዘመናቸው በአዲሱ ባለቤት መዝገብ በትክክል መስፈሩን መከታተል ግን የእርስዎ ሥራ ነው።

እኔ ራሴ ብነካስ? ይኸው አዋጅ ይጠብቀኛል?

ብዙ ኃላፊዎች ሳያስተውሉት የሚቀሩት ነጥብ ይህ ነው። አዋጁ በሥራ መሪዎች የሥራ ውል ላይ ተፈጻሚ አይሆንም። የሥራ መሪ ማለት የድርጅቱን የአመራር ፖሊሲ የማውጣትና የማስፈጸም፣ ወይም ሠራተኛ የመቅጠር፣ የማዛወር፣ የማገድና የማሰናበት ሥልጣን በሕግ ወይም በውክልና የተሰጠው ሰው ነው። ወሳኙ የመጠሪያው ስም ሳይሆን ሥልጣኑ ነው፤ «ሥራ አስኪያጅ» እየተባለ ይህ ሥልጣን የሌለው ሰው በአዋጁ ሊሸፈን ይችላል። የሥራ መሪ ከሆኑ ግንኙነትዎ የሚዳኘው በውልዎና በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለሆነ፣ የማስጠንቀቂያ ጊዜና የስንብት ክፍያ በውልዎ ውስጥ በግልጽ እንዲጻፉ መደራደር የሚችሉት ሹመቱን ሲቀበሉ ነው።

ቁልፍ ሠራተኛ ሲለቅ ደንበኞቹ አብረውት ይሄዳሉ። ይህንን እንዴት ልከላከል?

የደንበኛው አድራሻ የሚገኘው በሽያጭ ሠራተኛው የግል ስልክና በግል ኢሜይሉ ከሆነ፣ ድርጅቱ ደንበኛ የለውም ማለት ይቻላል። ሠራተኛውን ከመውቀስ በፊት የድርጅቱን አሠራር ማስተካከል ይቀድማል፦ በድርጅቱ ስም የተከፈተ ኢሜይል፣ ከአንድ ሰው በላይ የሚያየው የደንበኞች መዝገብ፣ እንዲሁም ደንበኞች በፈቃዳቸው የተመዘገቡበት የኢሜይል ዝርዝር ያስፈልጋል።

በማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ብቻ መተማመንም አደጋ አለው። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በኢትዮጵያ ተገድበው በነበረበት ጊዜ፣ ደንበኞቻቸውን የሚያገኙት በቴሌግራም ቻናል ብቻ የነበሩ ነጋዴዎች የደንበኞቻቸው አድራሻ በእጃቸው አልነበረም። ኢሜይልና አጭር የጽሑፍ መልእክት ግን አድራሻው ከእርስዎ ጋር ስለሚሆን፣ አንዱ መንገድ ሲዘጋ በሌላው መድረስ ይቻላል።

ይህን የኢሜይል ዝርዝር በምን መንገድ ላሳድገው?

በኢትዮጵያ ኢሜይልን በየቀኑ የሚከፍቱት አስመጪዎችና ላኪዎች፣ የግብረ ሰናይ ድርጅቶች የግዢ ክፍሎች፣ አስጎብኚዎችና በውጭ የሚኖሩ ወገኖች ናቸው፤ የሰፈር ሱቅ ባለቤትን በስልክ ማግኘት ይሻላል። ስለዚህ መጀመሪያ ከደንበኞችዎ መካከል ኢሜይል የሚያነቡትን ይለዩ። ከዚያም አድራሻቸውን ለመስጠት የሚያበቃቸው የታወቀ ጥቅም ያቅርቡ፦ የሳምንቱ የዋጋ ዝርዝር፣ የዕቃ መግቢያ ቀን፣ በዘርፉ የወጣ አዲስ መመሪያ በአጭሩ ተብራርቶ። ሰው «ዜና እንልክልዎታለን» በሚል ቃል አይመዘገብም፤ የቡና ላኪ የዋጋ መረጃ ማክሰኞ ጠዋት እንደሚደርሰው ካወቀ ግን ይመዘገባል። የመመዝገቢያ ቅጹ በደረሰኝ ላይ፣ በእንግዳ መቀበያ ጠረጴዛና በእያንዳንዱ ሠራተኛ የኢሜይል ፊርማ ሥር ይቀመጥ፤ ስምና ኢሜይል ብቻ ይጠይቅ።

የተገዛ ዝርዝር አይጠቀሙ። ከየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጂሜይልና ያሁ በብዛት የሚልኩ ላኪዎች ማንነታቸውን በቴክኒክ እንዲያረጋግጡና ተቀባዩ በአንድ ጠቅታ ከዝርዝሩ እንዲወጣ እንዲያስችሉ ያስገድዳሉ፤ «አይፈለጌ» ብለው የሚያመለክቱ ተቀባዮች መጠንም ከ0.3 በመቶ በታች እንዲሆን ይጠይቃሉ። ሳይጠየቅ ዝርዝር ውስጥ የገባ ሰው ያንን ቁልፍ ለመጫን አያመነታም፤ ከዚያ በኋላ በፈቃዳቸው ለተመዘገቡት የሚላከውም መልእክት ሳይደርሳቸው ሊቀር ይችላል።

የደንበኞችን አድራሻ መሰብሰብ ፈቃድ ይጠይቃል?

የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል መረጃ በሕጋዊ መሠረትና ለታወቀ ዓላማ ብቻ እንዲሰበሰብ ይጠይቃል። ለደረሰኝ የተሰጠን ኢሜይል ሳይጠይቁ ለማስታወቂያ ማዋል ከዚህ ጋር አይሄድም። በቅጹ ላይ ለምን እንደሚሰበሰብ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ፤ ፈቃዱ የተሰጠበትን ቀን ይመዝግቡ፤ ልውጣ ያለውን ወዲያው ያውጡ። ሠራተኛ ሲለቅም የዝርዝሩ መግቢያ ቃል በዚያው ዕለት ይለወጥ።

ይህን ሁሉ መቼ መቼ ልከልሰው?

የብዙ ድርጅቶች የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ስለሚጀምር፣ የሥልጠናና የቅጥር ጥያቄ ከግንቦት በኋላ ቢቀርብ ሰሚ አያገኝም። ስለዚህ ምልክቶቹን በሚያዝያ ወር በጽሑፍ ሰብስበው፣ በእያንዳንዱ ሥር «ይህ ቢሆን የትኞቹ ሦስት ሥራዎች ይነካሉ?» የሚለውን መልሰው ለበላይዎ ያስገቡ። በጥቅምት፣ የመጀመሪያው ሩብ ዓመት ሪፖርት ሲወጣ፣ ያንኑ ወረቀት አውጥተው የተሳሳቱበትን ያርሙ።